መዝገቡ ቤቴ ነበር፦ ለእድራችን ዳኛና አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላትና የሰፈሬ ሰዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ጸሐፊያችሁ ነኝ። ዛሬ የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ካወለቅኩ፣ ቡና ካፈላሁ፣ ከጎረቤት ጋር ወግ ከጀመርኩ እንደማልጽፈው አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዛ ሳደርግ ነው የከረምኩት።

ጉዳዩ ጥቅምት ላይ ከእድራችን ስላሰናበትናቸው የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው።

ስማቸውን አልጽፍም። የመጡበትን አገርም አልጽፍም። ብጽፈው ግማሾቻችሁ በአንድ ዓይን፣ ግማሾቻችሁ በሌላ ዓይን ማንበብ ትጀምራላችሁ። እኔ ደግሞ ሁላችሁም በአንድ ዓይን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። በዚህ ደብዳቤ አንቱ እያልኩ ነው የምጽፍላቸው። ያን ቀን አንተ ነው ያልናቸው።

ደብዳቤውን ሌላ ሰፈር ያለ ሰውም ያነበው ይሆናልና ትንሽ ላስረዳ። ሰፈራችን ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ ነው። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። የጤፍና የሽምብራ ማሳ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አብረውን አሉ። ክረምት ሲገባ መረሬው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ከመሀል ከተማ በልማት ተነሥቶ የመጣ አለ፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት የመጣ አለ፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ተከራይቶ የሚኖር አለ፤ ማሳው ላይ የተወለደም አለ። አብሮ አደግ የሚባል ነገር የለንም። ዘመድ አድርጎ ያስተሳሰረን እድሩ ነው። ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ ማን ሞተ ብለን የምንወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከእድር መሰናበት ለእኛ ሰፈር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ብትሞት አንቀብርህም ማለት ነው።

እንግዲህ መስከረም መጨረሻ ላይ ሰው ሞተብን። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ትልቁ ድንኳን የለም። ስድስት ጎላ ድስትም የለም። ለቅሶው በተዋስነው ድንኳን አለፈ። የሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከሰማንያ በላይ ሰው ነበርን። ኃላፊው ቆመው ነበር። "ነሐሴ ላይ አውሰነዋል፣ መዝገብ ይታይ" አሉ። ሁለቴ አሉት። ሦስተኛውን አላስጨረስናቸውም። ከኋላ "ተቀመጥ!" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ "አንተ ሌባ!" ተባለ። ያ "አንተ" ከአንድ አፍ ወጥቶ ወዲያው በሁሉም አፍ ገባ። የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ናቸው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአንቱ ወደ አንተ ወረዱ። ከዚያ በኋላ እጅ ማውጣት ቀላል ነበር።

እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

መዝገቡ የት ነበር? ቤቴ፣ ቁምሳጥኑ ላይ። ከስብሰባው ቦታ እቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሂሳብ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰነድ ያልቀረበበት ወጪ ላይ ፈርሜ አላውቅም። የሁለት መቶ ብር ደረሰኝ ጎደለ ብዬ ሰው አመላልሻለሁ። ያን ቀን ግን አንድ ሰው "መዝገብ ይታይ" እያሉ ሲለምኑ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ጥር ላይ የግማሽ ዓመቱን ሂሳብ ልዘጋ መዝገቡን ስከፍት ገጽ 47 ላይ አገኘሁት። ነሐሴ 18። ስድስት ጎላ ድስትና አንድ ትልቅ ድንኳን፣ ለጎረቤት እድር በውሰት። ሦስት ፊርማ አለበት፤ የእሳቸው፣ የዳኛችን፣ የእኔ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ደነገጥኩ። ወዲያው ለዚያ እድር ጸሐፊ ደወልኩላቸው። "እኛ እኮ መጥታችሁ እስክትወስዱት እየጠበቅን ነው፤ ድስቶቹ ታጥበው ተቀምጠዋል" አሉኝ።

ረስቼው ነበር። መርሳቴን እንደ ኃጢአት አልቆጥረውም። መዝገብ የሚያዘውም ሰው ስለሚረሳ ነው። ኃጢአቴ መዝገቡን አለመክፈቴ ነው። ያልከፈትኩትም መልሱን የማውቀው ስለመሰለኝ ነው። ለምን መሰለኝ? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሌሊት ቁጭ ብያለሁ። መልሱን ሳልሸፋፍን ልጻፈው፦ እጠላቸው ነበር።

ጥላቻዬ የጀመረው ከድስቱ በፊት ነው። ሁለት ክረምት ወደኋላ ነው። ግቢያቸውን ገረጋንቲ አስደፍተው ከፍ አደረጉት። በዚያው ክረምት ጎርፍ ግቢዬ ገባ። የጓዳዬ ምንጣፍ ተበላሸ፣ የጤፍ ጆንያዬ ረጠበ። ከእሳቸው ነው የመጣው ብዬ ደመደምኩ። ጎርፉ ከእሳቸው ግቢ ይምጣ ከላይኛው መንገድ ይምጣ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አላውቅም። አልጠየቅኩማ። በራቸውን አንኳኩቼ "ጎረቤት፣ ይሄ ውሃ እንዴት ይሁን?" አላልኩም። ሰላምታዬን ብቻ አሳጠርኩ። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ "ወንድምህን በልብህ አትጥላው" ካለ በኋላ ወዲያው ባልንጀራህን ገሥጸው ይላል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቱ ለምን አብረው እንደተጻፉ ግን አሁን ነው የገባኝ። ወጥቼ ብነግራቸው ኖሮ ነገሩ የቦይ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። በልቤ ያዝኩትና ሌላ ነገር ሆነ።

በልብ የተያዘ ጥላቻ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ከራሴ ነው የማውቀው። ዕቃ ቤቱን በጠዋት ሲከፍቱ ባይ "ሰው ሳይኖር ምን ሊያወጣ ነው?" እላለሁ። አርፍደው ሲመጡ ባይ "ፈርቶ ነው" እላለሁ። ዝም ሲሉ ተንኮለኛ፣ ሲናገሩ አፈ ጮሌ። ልጃቸው በብድር ባጃጅ ሲገዛ "ከየት አመጡት?" ብለን ስንት ቡና አፍልተንበታል! ልብ በሉ፣ ሰውየው የሚያደርጉት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስረዳኝ። እንዲህ የሚያይ ዓይን ማስረጃ አያስፈልገውም። ማስረጃው ራሱ ሰውየው ናቸው። የጥንት ሰው "አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ" ያለው ይህን አይቶ ነው።

የእኔ ምክንያት ጎርፍ ነበር። የአንዳንዶቻችሁን ምክንያት አውቀዋለሁ። አንዱ አጥሩን ወደ መንገድ ሲያስገፋ ተናገሩት። ሌላው ልጁን ተቆጡበት። እኔ ይህን ስጽፍ "የእኔስ ምክንያት እሱ አይደለም፣ ዝርያቸው ነው" ብሎ በልቡ የሚያምን እንዳለም አውቃለሁ። ያለፉት ዓመታት ያመጡብንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሬዲዮ በከፈትን ቁጥር አንዱን ወገን የምንረግምበት ጊዜ ነበር። ያ እርግማን ከሬዲዮኑ ወጥቶ የጎረቤት በር ላይ ተለጠፈ። ስብሰባው ላይ ማንም የዘር ስም አልጠራም። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 የሚከሰን ቃል ከአፋችን አልወጣም። አዋጅ አፍን ነው የሚይዘው። እጃችንን ያወጣው ግን አፋችን አልነበረም።

ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ይህን በቁሙ ጽፎታል፦ "ወንድሙን የሚጠላ ግን በጨለማ አለ፥ በጨለማም ይመላለሳል፥ የሚሄድበትንም አያውቅም፤ ጨለማው ዓይኖቹን አሳውሮታልና።" ድሮ ይህን ሳነብ የሚጠላ ሰው ክፉ ነው የሚል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ግን ከዚያ ያልፋል። የሚጠላ ሰው አያይም ነው የሚለው። የሚሄድበትን አያውቅም። መዝገቡ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ አያየውም። ፊርማውን አያውቀውም።

እድራችን የሁሉም ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አለበት። እኔ እንደ ክርስቲያን የምጽፈው ያን ቀን እጅ ካወጣነው አብዛኞቻችን ማተብ ያሰርን ስለሆንን ነው። በየእሁዱ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞረን እጅ እንነሣለን። እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። ያን እሁድም ጠዋት እጅ ተነሣስተናል። እሳቸው ከወንዶቹ በኩል፣ ከፊት ቆመው ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሰናበትናቸው።

እጃቸውን ያላወጡ አንዲት ሴት ነበሩ። ሙስሊም እናት ናቸው። "ሰውየው ይጠየቁ እንጂ፣ ምን እንዳደረጉ እንኳ አልሰማንም" አሉ። ማንም መልስ አልሰጣቸውም። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ኒቆዲሞስ ለካህናቱና ለፈሪሳውያኑ የተናገረውን አስታወሰኝ፤ ሕጋችን አስቀድሞ ከሰውየው ሳይሰማ፣ ምን እንዳደረገም ሳያውቅ ይፈርዳልን? እነዚያ ሰዎች ለኒቆዲሞስ ጥያቄ መልስ አልሰጡም፤ "አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?" ነው ያሉት። ከየት እንደሆነ ጠየቁት። ይህን ሳነብ ደንግጬ መጽሐፉን ዘጋሁት። ያቺን እናት ስንወጣ ሰው ምን ብሎ እንዳማቸው ሰምቻለሁና።

ታኅሣሥ ላይ የኃላፊው አማት አረፉ። ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። ከግቢያቸው በር ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ወጥረው ሰው አስቀመጡ። ወንበር ያመጡላቸው ያቺው እናት ናቸው፣ ከልጆቻቸው ጋር ተሸክመው። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር ብለውኛል። እኔ አልሄድኩም። በመስኮት አየሁ። በሠልስቱ ህሊናዬ አላስቀምጠኝ ሲል ሄድኩ። ባለቤታቸው ንፍሮ አቀረቡልኝ። ውሃም ቀዱልኝ። "እግዜር ይስጥልኝ መጣሽልን" አሉኝ። አንድም ነገር አላነሱም። ያን ንፍሮ እንዴት እንደዋጥኩት እግዚአብሔር ያውቃል። መዝገቡን ያኔ ገና አልከፈትኩም ነበር። በሌብነት አምኜ እንኳ ያን ቀን መቋቋም አልቻልኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ ጥቅምቱ ስብሰባ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ሰው ይሳሳታል። የምጽፈው ጥር ላይ ስለተደረገው ስብሰባ ነው።

መዝገቡን እንዳገኘሁ ለዳኛችን አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። እውነት ለመናገር፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ፊርማቸውን አወቁት። "ምን አድርገናል?" አሉ። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ሄደ። ኮሚቴው ውስጥ የሰማሁት እንዲህ ነው። "አሁን ብንናገር እድሩ ይፈርሳል።" "ዝም ብንል አይሻልም ወይ?" "ድስቱን ባይወስድም ሌላ ነገር ሳይወስድ አይቀርም።" "እሺ አልሰረቀም፣ ግን ሰውየው መቼ ደህና ሰው ነው?" ጉዳዩ በአጀንዳ አይያዝ ተባለና በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ጠቅላላ ጉባኤው ስለ መዋጮ ተነጋግሮ ተበተነ።

ወገኖቼ፣ ከስርቆቱ ወሬ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው። ማስረጃ መጣ። ሦስት ፊርማ መጣ። ድስቶቹ ታጥበው ተቀምጠዋል። ጥላቻችን ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ምክንያት ሲወሰድበት ሌላ ምክንያት ፈለገ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ይሄ ነው። እንግዲያው የጠላናቸው በድስቱ አልነበረም ማለት ነው። ድስቱ ሰበብ ነበር።

ንጉሥ ሳኦል ላይ የደረሰው እንዲህ ያለ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳሙኤል ከምዕራፍ 18 ጀምራችሁ አንብቡት፤ ጊዜ ካላችሁ ዛሬ ማታ አንብቡት። ሴቶች ዘፍነው ሲወጡ "ሳኦል ሺህ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ" አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳኦል ዳዊትን በክፉ ዓይን አየው። ዳዊት በገና የሚደረድርለት ልጅ ነው። አማቹ ነው። ጦር ይዞ የሚዋጋለት ነው። አሁን ግን በገና ሲደረድር ጦር ይወረውርበታል። ምዕራፍ 22 ላይ የኖብ ካህን ለዳዊት እንጀራ ሰጠ ተብሎ ተከሰሰ። ካህኑ መልስ ሰጠ። መልሱም እውነት ነበር፦ ከአገልጋዮችህ ሁሉ እንደ ዳዊት የታመነ ማን አለ? አማችህ አይደለም ወይ? እኔ ከዚህ ነገር የማውቀው የለም አለ። ሳኦል ይህን ሁሉ ሰማ። ሰምቶም ግደሏቸው አለ። የራሱ ዘበኞች እንኳ እጃቸውን በካህናት ላይ አላነሱም። ኤዶማዊው ዶይቅ ግን አነሳ። በዚያ ቀን 85 ካህናት ሞቱ። ከተማቸውም፣ ሴቱም ሕፃኑም፣ ከብቱ ሳይቀር በሰይፍ አለቀ። አንድ ሰው በመጥላት ተጀምሮ አንድ ከተማ ሙሉ አለቀ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል ያገሬ ሰው።

እኔን የነካኝ ግን ምዕራፍ 24 ነው። ሳኦል 3,000 ሰው ይዞ ዳዊትን ሲፈልግ ዳዊት ካለበት ዋሻ ራሱ ገባ። ዳዊት ሊገድለው ይችል ነበር። አልገደለውም፤ የመጎናጸፊያውን ጫፍ ብቻ ቆረጠ። ከዚያ ወጥቶ ቁራጩን አሳየው። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሳኦል ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። አንተ ከእኔ ትሻላለህ፣ ጻድቅ ነህ ብሎ መሰከረለት። ወደ ቤቱም ተመለሰ። ሁለት ምዕራፍ ዝቅ ብላችሁ 26ን ክፈቱት። ሳኦል እንደገና 3,000 ሰው ይዞ ያንኑ ዳዊት ሊያሳድድ ወጥቷል። እንባው እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ቤቱ ገብቶ ጥላቻውን ከተቀመጠበት አላነሳውም። የዳኛችንም እንባ እውነተኛ ነበር። የእኔም። ይህን የምጽፈው ምዕራፍ 26 ላይ እንዳንደርስ ነው።

"ስለ ድስት ተነሥታ የት ደረሰች" የሚለኝ ይኖራል። አንድ የእድር ስብሰባ ከሌላ ነገር ጋር አላወዳድርም። ግን አገራችን ውስጥ የሆነውን ረስተን መነጋገርም አልችልም። ነሐሴ 2010 ሻሸመኔ ላይ ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ ተነዛና ሕዝብ ተሰብስቦ አንድ ሰው ገድሎ ዘቅዝቆ ሰቀለ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ጥቅምት 2011፣ ምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ላይ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሊመርዙ ነው ተብሎ ተገደሉ። ሁለቱም ቦታ ላይ የነበሩት ሰዎች የሚጸልዩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ቦታ ላይ "ቆይ፣ እንስማ" የሚል ድምፅ ተሰሚነት አጣ። ሩዋንዳ በ1986 ያን ሁሉ ሰው ስትቀብር አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን ነበር። ሰዎች ሊተርፉ ብለው የተጠለሉበት የንያማታ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የመታሰቢያ ቦታ ነው። እዚያ ደግሞ ከመግደሉ በፊት ስም ነበር። ጎረቤታቸውን "በረሮ" ብለው ጠሩት። እኛ አንተ ብለን ነው የጀመርነው። ርቀቱ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። መንገዱ ግን ያው ነው፤ መጀመሪያ ስሙን ትቀንሳለህ፣ ከዚያ ጆሮህን ትደፍናለህ። ቅዱስ እስጢፋኖስን የወገሩት ሰዎች ድንጋይ ከማንሣታቸው በፊት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 "ጆሮአቸውን ደፈኑ" ይላል።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ ቆሜ ሰማሁ። ልጅ ሆኜ ዮናስ ማለት ዓሣ አንበሪ ነበር። ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረው መጨረሻው ነው። ነነዌ ተመለሰች፣ እግዚአብሔር ማራት፣ ነቢዩ ግን ተቆጣ። ነነዌን ይጠላ ነበርና። ከከተማው ወጥቶ ምን እንደሚደርስባት ሊያይ ዳስ ሠርቶ ተቀመጠ። እግዚአብሔርም "በውኑ ትቈጣ ዘንድ ይገባሃልን?" አለው። እንዲህ ብሎ ጠየቀው፣ አልጮኸበትም። ሰው ሲድን የሚያዝን ነቢይ! የምሥራች ሲነገረው የሚከፋው ሰው! ከቆምኩበት ላብ አጠመቀኝ። ጥር ላይ "ሰውየው አልሰረቁም" የሚል የምሥራች ደርሶን ነበር። እልል ማለት ነበረብን። እኛ ግን እንደ ዮናስ ከፋን።

እግዚአብሔር ለዮናስ የመለሰለት ቁጥር ጠቅሶ ነው። ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች አሉ፣ ብዙ እንስሶችም አሉ አለው። ዮናስ "ነነዌ" ብሎ በአንድ ስም የጠላውን እግዚአብሔር አንድ በአንድ ነው የሚያየው። ከብቱን እንኳ ቆጥሮታል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልጻፍ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ፍርድ ቤት እየቀረበ ባለበት ጊዜ እንኳ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት አለው ይላል። እድር ፍርድ ቤት አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ ሊቀመንበራችንን ዳኛ ያልናቸው ለምንድን ነው? አባቶቻችን ይህን ስም በከንቱ አልመረጡትም።

የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይህ ጉዳይ የመጀመሪያ አጀንዳ ይሁን። ከመዋጮው በፊት። ኃላፊው ይጠሩ፣ አንቱ ተብለው ይጠሩ፣ የጀመሩትን ሦስተኛ ቃል እስኪጨርሱ ማንም አይናገር። ገጽ 47 በድምፅ ይነበብ። የማነበው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቱ የእኔ ስለሆነ። ከዚያ ውሳኔው ይሻር። ሲሰናበቱ የጥሩምባ ነፊያችን በየመንገዱ እየዞረ ተናግሯል። ሲመለሱም በዚያው ጥሩምባ፣ በዚያው መንገድ ይነገር። ለቅሶ ስላልደረስናቸው ደግሞ ሁላችንም ቤታቸው እንሂድ። ድንኳኑ ከጎረቤት እድር ተመልሶ በራቸው ላይ ይተከል። አማታቸው ከሞቱ ሁለት ወር አልፏል፤ አርባቸውም አልፏል። ይሁን፣ ሰማንያቸው አላለፈም። አባታችንን ጠርተን ፍትሐት እናድርስ፣ ወንበሩን እኛ እንሸከም። ያቺ እናትም ከፊት ይቀመጡ።

ደንባችን ላይም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፤ አባል ሳይሰማ፣ መዝገብም ሳይታይ አይሰናበትም የሚል። ሌላም አለኝ፣ ይህ ግን በደንብ የሚጻፍ አይመስለኝም። ኦሪት ዘዳግም 19 ላይ ሳያውቅ ባልንጀራውን የገደለ ሰው ወደ መማጸኛ ከተማ ይሸሻል። ሕጉ ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ነገር አለ፦ አስቀድሞ ይጠላው ነበር ወይ? ከእንግዲህ በሰው ላይ እጅ ከማውጣታችን በፊት እያንዳንዳችን ይህን በልባችን እንጠይቅ። አዎ ከሆነ መልሳችን፣ እጃችንን እናውርድ። ሌላው ይፍረድ።

እድሩ ይፈርሳል የሚለውን ስጋት ሰምቻለሁ። ጸሐፊ ሆኜ ስምንት ዓመት አገልግያለሁ፣ ሂሳቡንም ሰዉንም አውቃለሁ። ሰው ተሳስቶ ይቅርታ ስለጠየቀ የፈረሰ እድር አላየሁም። ስለ እኔ ደግሞ፣ ጸሐፊነቱን እስከ ጉባኤው ብቻ ነው የምይዘው። ገጽ 47ን ካነበብኩ በኋላ ለሌላ ሰው አስረክባለሁ። ይህንንም በኩርፊያ አላደርገውም። መዝገቡ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያልከፈተች ጸሐፊ መዝገብ መያዝ የለባትም።

ለኃላፊው የምለውን እዚህ አልጽፍም። ነገ የጾሙ መጨረሻ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ በራቸውን አንኳኳለሁ። ስለ ጎርፉም እነግራቸዋለሁ።

ድስቶቹን ሐሙስ የሚያመጣ ጭነት ባጃጅ ተነጋግሬያለሁ። ድንኳኑ ከባድ ስለሆነ ሦስት ጎረምሳ ያስፈልገናል። የምትችሉ ሐሙስ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠብቁኝ። ቁልፉ ከጥቅምት ጀምሮ ዳኛችን ጋ ነው፤ ይዘውልን ይምጡ።

ጸሐፊያችሁ